ጭሰኛው ያልነበረበት ክርክር

ባለፈው ሳምንት በዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ክፍሉን ለሁለት ከፈለው። ጥያቄው «ሕግ አውጪው ምክር ቤትና አስፈጻሚው አካል በሁለት ወገን ተይዘው ሲጓተቱ ሕዝብ ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል?» የሚል ነበር። ከፊላችን «ይጠቀማል እንጂ! ሁለት ባላ ትከል ይባል የለም እንዴ?» አልን። ከፊላችን ደግሞ «ኧረ ወዲያ! አንዱ በሬ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች እየሳበ ማሳው መቼ ሊታረስ ነው?» ብለን ተከራከርን። ደወሉ ተደወለ። ክርክሩ ግን እስከ ምግብ አዳራሽ ተከትሎን ገባ፤ ማታም መብራት ከጠፋ በኋላ በመኝታ ክፍል ቀጠለ። መምህራችንም ነገሩን ሲሰሙ ስቀው «እንግዲያው ጻፉትና ለጥፉት» ስላሉን፣ ውድ አንባቢያን፣ ይኸው ጽፈን ለጥፈነዋል።

«ሕግ አውጪው ሕግ ያወጣል፤ አስፈጻሚው ያስፈጽማል፤ ተርጓሚው ይተረጉማል።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ስንት ጊዜ በደብተራችን እንደገለበጥናት እንጃ። ነገ ተመርቀን በየቀበሌው ስንበተንም በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንጽፋት እርሷኑ ነው። ነገር ግን ሦስቱ ካልተስማሙ ምን ይሆናል? አስፈጻሚው ያቀረበውን ረቂቅ ሕግ አውጪው ታቅፎ ቢቀመጥስ? ለዚህ በሰሌዳው ላይ ቦታ የለም። ተማሪ ቢጠይቀን «ከምዕራፉ ውጭ ነው» ብለን እንዳናልፈው እንፈራለን፤ እኛም እንዲሁ እየተባልን ነው ያለፍነው።

ስለ ተከፈለ መንግሥት ሲወራ ሁሉም ወደ አሜሪካ ይመለከታል። እኛም መጀመሪያ ወደዚያው ነበር ያየነው። እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1949 ፕሬዚዳንቱ ትሩማን ከዴሞክራቶች ሲሆኑ፣ ሁለቱም ምክር ቤቶች በሪፐብሊካኖች እጅ ነበሩ። ትሩማን በምርጫ ቅስቀሳቸው ያንን ምክር ቤት ምንም የማይሠራ እያሉ ነቀፉት። ይሁንና አውሮፓን ከጦርነቱ ፍርስራሽ ያነሣውን የማርሻል ዕቅድ ያጸደቀው ያው ምክር ቤት ነው። የሠራተኛ ማኅበራትን የሚመለከተውንም ሕግ ፕሬዚዳንቱ አልፈርምም ብለው ሲመልሱት እንደገና ድምፅ ሰጥቶ አሳለፈው። በሌላ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 መጨረሻና በ1996 መጀመሪያ፣ ፕሬዚዳንት ክሊንተንና ምክር ቤቱ በበጀት ሳይስማሙ ቀርተው ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለ21 ቀናት ተዘጉ። ታዲያ ከዚህ ምን እንማር? ለአንደኛው ወገን ማስረጃ ከተገኘ ለሌላኛውም ይገኛል። ስለዚህ የአሜሪካን ነገር ለአሜሪካኖች ትተን ወደ ራሳችን ቤት ተመለስን። (ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

በአገራችን ፕሬዚዳንቱን አንድ ፓርቲ፣ ምክር ቤቱን ሌላ ፓርቲ ይዞት አያውቅም። ሆኖም ወደዚያ የሚጠጋ ነገር ነበር። በ1948 ተሻሽሎ የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ። አንደኛው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሲሆን አባላቱን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ሁለተኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ነው፤ የዚህን እንደራሴዎች ሕዝቡ በየ4 ዓመቱ ይመርጥ ነበር። ሚኒስትሮቹ ተጠሪነታቸው ለንጉሠ ነገሥቱ እንጂ ለእንደራሴዎቹ አልነበረም። የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገርም አልነበረም። እንግዲህ በአንድ በኩል የተሾመ መንግሥት፣ በሌላ በኩል የተመረጠ ምክር ቤት ቆሙ ማለት ነው። ሚኒስቴሩ ረቂቅ ያመጣል፤ ምክር ቤቱ ይቀበለዋል፣ ያሻሽለዋል ወይም ያቆየዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ካልፈቀዱት ደግሞ ሁለቱ ምክር ቤቶች የተስማሙበትም ሕግ አይሆንም።

ብዙ ሰው «ያ ፓርላማ ማኅተም መምቻ ነበር» ሲል እንሰማለን። እኛም እንዲያ ይመስለን ነበር። ነገር ግን ማኅተም ያልመታበት አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ፤ እሱም የጭሰኛው ጉዳይ ነው።

በደቡቡ የአገራችን ክፍል አብዛኛው ገበሬ የሰው መሬት ያርስ ነበር። አንዳንዱ ሲሶ፣ አንዳንዱ እኩሌታውን ይገብራል፤ በዚያ ላይ የባለመሬቱን እህል ማጓጓዝ፣ አጥሩን ማጠር፣ ለበዓል ሙክት መንዳት አለ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ለባለመሬቱ የሚከፈለው ከምርቱ እስከ ሦስት አራተኛ ሊደርስ እንደሚችል ፈቅዶ ነበር። ልብ በሉ፣ ከአራት ቁና ሦስቱ ማለት ነው! የካቲት 1957 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ አራት ኪሎ የወጡት ምክር ቤቱ ስለ ጭሰኛና ባለመሬት ግንኙነት በሚነጋገርበት ሰሞን ነበር። በ1958 የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ። ከዚያም የኪራዩን መጠን የሚወስን፣ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን የሚያደርግ፣ ጭሰኛን እንዲሁ ብድግ አድርጎ ማባረርን የሚገታ ረቂቅ ለምክር ቤቱ ቀረበ። በሰኔ 1961 የተመረጠው ምክር ቤት ዘመኑን ሲጀምር ረቂቁ ይጠብቀው ነበር ማለት ይቻላል።

ምን ሆነ? ምንም! ተነሣ፣ ወደቀ፣ ተመለሰ፣ ተሻሽሎ መጣ፣ እንደገና ተቀመጠ። በሰኔ 1965 አዲስ ምርጫ ተደረገ። ረቂቁ አሁንም ሕግ አልሆነም፤ ሥርዓቱ እስኪወድቅ ድረስም አልሆነም። በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ፣ የእርሻ ልማት ድርጅቱን ትረዳ የነበረችው ስዊድን የጭሰኛ ሕግ ይውጣ እያለች ስትወተውት ነበር። ምክንያቱም ማዳበሪያውና ትራክተሩ ሲመጣ መሬቱ ዋጋ አወጣ፤ ባለመሬቱም «አሁንማ ራሴ አርሳለሁ» ብሎ ጭሰኛውን ያስነሣ ጀመር። ሕጉ ምክር ቤት ውስጥ በዘገየ ቁጥር ጭሰኛው ጎጆውን እያፈረሰ ይሰደድ ነበር።

እንግዲህ «ምክር ቤት መንግሥትን ሲገዳደር ሕዝብ ይጠቀማል» ላልነው ወገኖች ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ይህ ምክር ቤት መንግሥትን ተገዳድሯል። ሚኒስቴሩ ያመጣውን እሺ አላለም። ታዲያ የተገዳደረው ለማን ብሎ ነው?

መልሱ ያለው በምርጫው ሕግ ውስጥ ነው። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ መምረጥ ይችል ነበር። ጭሰኛውም ይመርጣል። ለመመረጥ ግን በምርጫው ክልል ሕጉ የሚጠይቀውን ያህል ንብረት ያለው ሰው መሆን ያስፈልጋል። የሰው መሬት አርሶ ሦስት አራተኛውን የሚያስረክብ ሰው ያን ንብረት ከወዴት ያመጣል? ጭሰኛ አይመረጥም ብሎ በግልጽ የጻፈ የለም፤ አንዲት አንቀጽ ብቻ በሩ ላይ ቆማ እርሱን ትመልሰዋለች። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ክርክር ነበር፣ መጓተት ነበር፣ ድምፅ ነበር፤ ጭሰኛው ግን አልነበረም። ጉዳዩ በሌለበት ታየ፤ በሌለበትም ተቀጠረ።

ሌላም ነገር አለ። መንግሥቱስ ከልቡ ነበር ወይ? ምክር ቤቱ በማይሰበሰብበት ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ አስቸኳይ ድንጋጌ እንዲያወጡ ሕገ መንግሥቱ ሥልጣን ይሰጣቸው ነበር። ለጭሰኛው አልተጠቀሙበትም። ከሚኒስትሮቹና ከመኳንንቱ መካከል ሰፊ መሬት የነበራቸው ብዙዎች ናቸው። እኛ እንደሚመስለን ፀቡ ለሁለቱም ተመችቷቸው ነበር። መንግሥት ለውጭ አገር ረጂዎች «እኛማ አቅርበናል፤ ምክር ቤቱ ነው ያቆየው» ይላል። ባለመሬቱ እንደራሴም መንግሥት አቅርቦለት እምቢ ማለት ይችላል። እንዲህ ያለ ፀብ ከስምምነት በምን ይለያል? (ከመካከላችን አንዱ እዚህ ላይ «መንግሥቱን በጣም ጨቆናችሁት፤ ሚኒስቴሩ ውስጥ ከልባቸው የደከሙ ወጣት ባለሙያዎች ነበሩ» ብሎናል። ልክ ነው። የደከሙት ግን ሰሚ አላገኙም።)

አሁን ደግሞ ወደ ጎጃም እንምጣ፤ አገው ምድር ያኔ ከጎጃም አውራጃዎች አንዱ ነበርና ነገሩ ለአዘና ሰው ሩቅ አይደለም። በ1960 መጀመሪያ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አሥራት የሚባለውን የቀድሞ ግብር ተክቶ፣ ገበሬው ባመረተው ልክ ይክፈል የሚል ነው። በወረቀት ላይ ሲያዩት ምን ክፋት አለው? ብዙ ያለው ብዙ፣ ጥቂት ያለው ጥቂት ይክፈል ነው የሚለው። በዚህ ጊዜ ምክር ቤቱና መንግሥቱ በመጨረሻ ተስማምተዋል፤ አዋጁ በሁለቱም ምክር ቤቶች አልፎ ጸድቋል።

ጎጃም ውስጥ ግን መሬት ባብዛኛው ርስት ነበር። ገበሬው ገማች መጣ ሲባል የታየው ግብሩ ብቻ አልነበረም። «ዛሬ ሰብሌን የለካ ነገ መሬቴን ይለካል፤ የለካው ደግሞ ርስቴን ይወስዳል» ብሎ ሠጋ። በዚያ ላይ በጊዜው በነበሩት አገረ ገዥ በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ አስተዳደር ላይ የተጠራቀመ ምሬት ነበረው። ገማቾቹን አላስገባም አለ፤ ጠመንጃውን አነሣ። ጦር ተላከ፤ ሰው ሞተ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ተሰረዘ። ከዚህ ሁሉ ደም በፊት አንድ ሰው ቀደም ብሎ ጎጃም መጥቶ፣ ከዋርካ ሥር ተቀምጦ «ስለዚህ አዋጅ ምን ትላላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ምን ነበረበት? የጎጃም እንደራሴዎች አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም ማለታችን አይደለም። ነበሩ። ገበሬው ግን የእነሱን እሺታ እንደ ራሱ እሺታ አልቆጠረውም፤ ዋናው ቁም ነገር ይኸው ነው።

ስለዚህ በጭሰኛው ጉዳይ ምክር ቤቱና መንግሥቱ ተጣሉ፤ ጭሰኛው ተጎዳ። በግብሩ ጉዳይ ተስማሙ፤ የጎጃም ገበሬ ተጎዳ። የእኛ ክፍል ክርክር እዚህ ላይ ሲደርስ ሁለቱም ወገን ዝም አለ።

ዝምታውን የሰበረው ከኋላ የተቀመጠ ጓደኛችን ነው። «እንግዲያው ምክር ቤት ለምን ያስፈልጋል? ደርግ ያለ ምክር ቤት በአንድ ቀን አዋጅ ጭሰኝነትን አላጠፋም ወይ?» አለ። አጥፍቷል። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ በዚያው አዋጅ ፓርላማውም ተዘጋ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ምክር ቤቱ ለዓመታት ታቅፎት የኖረው ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ተቆረጠ። ያን ቀን የቀድሞው ጭሰኛ እልል ቢል ማን ይፈርድበታል? ይህን አሳንሰን ማየት አንፈልግም።

ነገር ግን ታሪኩ እዚያ ላይ አያበቃም። ያው መሬት የተሰጠው ገበሬ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እህሉን በመንግሥት ዋጋ በኮታ እንዲያስረክብ ታዘዘ። ጎጃም አምራች ነውና ኮታው ከበደው። ቀጥሎ ከአያቶቹ ቀዬ ተነሥቶ በመንደር ምሥረታ ተሰብሰብ ተባለ። «ዋጋው አያዋጣኝም» የሚልበት፣ «ለምን ከቀዬዬ እነሣለሁ» ብሎ የሚጠይቅበት ቤት አልነበረም። ከ1967 እስከ 1980 ድረስ የተመረጠ ብሔራዊ ምክር ቤት የሚባል ነገር በአገሪቱ አልነበረም። በ1980 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ ተከፈተ፤ ዕጩዎቹን ያቀረቡት ግን አንዱ ፓርቲና በሥሩ ያሉት ድርጅቶች ስለነበሩ እዚያ ቤት ውስጥ መንግሥትን «እምቢ» የሚል ወገን አልተገኘም። ያለ ምክር ቤት የተሰጠ ነገር ያለ ምክር ቤት ሲወሰድ የሚጮህለት የለም፤ ለኋለኛው ጓደኛችን የሰጠነው መልስ ይህ ነው። እርሱም «አሁን ገባኝ» አላለም፤ «እስቲ አስብበታለሁ» ነው ያለው።

በቅርቡ ዘመን ያለውን ደግሞ ባጭሩ እናንሣ። በግንቦት 1997 ምርጫ ከ547 መቀመጫዎች ተቃዋሚዎች ከ170 በላይ አሸነፉ፤ በአዲስ አበባ ምክር ቤት ደግሞ ከ138 መቀመጫዎች 137ቱን ቅንጅት አገኘ። ከተማው በአንድ ወገን፣ የፌዴራሉ መንግሥት በሌላ ወገን ሊያዝ ነበር ማለት ነው። ያ ግን ሳይሆን ቀረ። ውጤቱ አወዛገበ፣ ደም ፈሰሰ፣ መሪዎቹ ታሰሩ፤ ከተመረጡት ከፊሎቹም ወንበራቸውን አልያዙም። ተሰናባቹ ምክር ቤት ደግሞ አዲሱ ከመግባቱ በፊት የስብሰባውን ደንብ ለወጠ፤ ቀድሞ 20 አባላት ማስያዝ ይችሉት የነበረው አጀንዳ ከግማሽ በላይ የሆነ ድምፅ እንዲጠይቅ ተደረገ። እንደገና የተሻሻለው ቆየት ብሎ ነው። ደንብ ማለት እንዲህ ነው፤ ጥቃቅን ይመስላል፣ አፍ የሚከፍተውና የሚዘጋው ግን እሱ ነው። ያም ሆኖ እስከ 2002 በዘለቀው በዚያ ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትሩ በምክር ቤቱ ቀርበው በተቃዋሚ እንደራሴዎች ሲጠየቁ ሕዝቡ በቴሌቪዥን ያይ ነበር። ሕጎቹ በብዙኃኑ ድምፅ ያልፋሉ፤ «አይሆንም፣ ምክንያቱም…» የሚለው ቃል ግን ይሰማና በቃለ ጉባኤ ይጻፍ ነበር። በ2002 ምርጫ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ 545ቱን መቀመጫ ያዙ። በ2007ቱ ደግሞ አንድም አልቀረም፤ 547ቱንም ወሰዱ። በዚያ ቤት ውስጥ «ምክንያቱም» የሚለውን ማን ይናገር?

ይህን ሁሉ የጻፍነው ስለ አራት ኪሎ ብቻ ለማውራት አይደለም። ባለፈው ዓመት ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ጊዜ ያየነው አንድ ነገር ከአእምሯችን አልጠፋም። የትምህርት ቤቱን ስም አንጠራም። የወላጆች ስብሰባ ተጠርቶ ነበር፤ ጉዳዩ ተጨማሪ የመማሪያ ክፍል ለመሥራት ከየቤቱ ስለሚዋጣው ገንዘብ ነው። ርእሰ መምህሩ 300 ብር ይሁን አሉ። የወላጆች ኮሚቴው ሰብሳቢ «አይቻልም፣ 200» አሉ። ሁለት ሰዓት ያህል ተከራከሩ። የእውነት ክርክር ነበር፤ ሰብሳቢው የዋዛ ሰው አይደሉም። በመጨረሻ በ250 ብር ተስማሙና ተጨበጨበ። እኛም «ይኸውላችሁ፣ ዴሞክራሲ!» ብለን ተደሰትን።

ስብሰባው በአማርኛ ነበር የተካሄደው። ከኋላ መሬት ላይ የተቀመጡ እናቶች በአውኚ ሲንሾካሾኩ ቆይተው ነበር። ስንወጣ አውኚ የምትችል ጓደኛችን ከአንዷ እናት ጋር ቆማ አወራች። እናትየዋ ሁለት ልጆች አሏቸው። ጭንቀታቸው የብሩ መጠን አልነበረም። «አንዱን ጧት፣ አንዱን ከሰዓት ብታደርጉልኝ ተራ በተራ ከብት ይጠብቁልኝ ነበር፤ ሁለቱም ጧት ከሆኑ አንደኛውን ማስቀረቴ ነው» ነው ያሉት። ይህ በአጀንዳው ላይ አልነበረም። በሁለቱ ተከራካሪዎች ሐሳብ ውስጥም አልነበረም። ልምምዳችንን ጨርሰን ልንመለስ ስንል ታናሽየዋን ልጅ ከክፍል አጣናት።

እኛ እንግዲህ ወደ ክፍል ስንገባ የምንጠይቀው «ተከራከሩ ወይስ ተስማሙ?» ብቻ እንዳይሆን እንፈልጋለን። ነገሩ የሚነካው ሰው የት ተቀምጦ ነበር? በምን ቋንቋ ሰማ? እዚያ እንዳይገባ የከለከለችው አንቀጽ የትኛዋ ናት? የጭሰኛውን ረቂቅ ታሪክ ከሦስቱ መስመሮች ጎን በሰሌዳው ላይ ብንጽፈው ተማሪው ራሱ ይጠይቃል። አሠልጣኞቻችን ለዚህ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢፈቅዱልን የትምህርቱን ዕቅድ እኛው አዘጋጅተን እናቀርባለን።

እዚሁ ግቢያችን ውስጥም የሚያስቸኩል ነገር አለ። የሠልጣኞች ምክር ቤትና አስተዳደሩ በማታው የቤተ መጻሕፍት ሰዓት ላይ እየተነጋገሩ ናቸው። ምክር ቤቱ እስከ 4 ሰዓት ይከፈት ይላል፤ አስተዳደሩ 3 ሰዓት ይበቃል ይላል። ጥሩ ክርክር ነው፣ ይቀጥሉ። ነገር ግን ከተማ ቤት ተከራይተው የሚመላለሱ ሠልጣኞች በምክር ቤቱ ውስጥ አንድም ወኪል የላቸውም። ለእነርሱ 3ም ሆነ 4 ሰዓት ልዩነት የለውም፤ በተለይ ሴቶቹ ከመሸ በዚያ መንገድ አይሄዱም። የሚፈልጉት ምሳ ሰዓት ላይ እንዲከፈት ነው። ይህን የምናውቀው አብረውን ስለሚማሩ እንጂ የጠየቃቸው ኖሮ አይደለም። ውይይቱ የሚያልቀው ዓርብ ነው።

ከዚህ ጽሑፍ ሥር አንድ ባዶ ወረቀት ለጥፈናል። ብዕሩ በክር ታስሯል፤ እባካችሁ ይዛችሁት አትሂዱ። ተመላላሾች ቅድሚያ ጻፉ፤ በአውኚም ሆነ በአማርኛ ይቻላል። ሐሙስ ማታ ወረቀቱን እንዳለ ነቅለን ለሁለቱም ወገን እናደርሳለን።